የሌሊት ወፎችን ሳይነኩ ለኮሮና ቫይረስ ክትትል ናሙና መሰብሰብ፦ ከዋሻ እስከ ላቦራቶሪ

የሌሊት ወፍ ኩስ ተሰብስቦ፣ ላቦራቶሪ ገብቶ፣ ከሳምንታት በኋላ «ምንም አልተገኘም» የሚል ውጤት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው በማሽኑ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ናሙናው በተነሣበት ዋሻ፣ በተጓዘበት መኪናና ቁጥሩ በተጻፈበት ብልቃጥ ላይ ተፈጽሞ ያለቀ ነው። ናሙናው ሞቆ ከነበረ፣ መቼ እንደ ወደቀ የማይታወቅ አሮጌ ኩስ ከተነሣ ወይም ቀኑ ከተምታታ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይሆንም።

መመሪያው የተዘጋጀው በኢትዮጵያ ውስጥ በዋሻ፣ በአሮጌ ሕንፃና በዛፍ ላይ የሚሰፍሩ መንጋዎችን ለሚከታተሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ የላቦራቶሪ ሠራተኞችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሲሆን፣ ሆን ብሎ እንስሳውን በመያዝ ላይ አልተመሠረተም። መረብ ዘርግቶ መያዝና ከአፍ ወይም ከፊንጢጣ ናሙና መውሰድ የተለየ ፈቃድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ክትባትና በአያያዝ የሠለጠነ ቡድን ይጠይቃል። ጀማሪ ቡድን ከዚያ መጀመር የለበትም። ኮሮና ቫይረስ በሌሊት ወፎች ላይ በብዛት የሚገኘው በኩስ ውስጥ ስለሆነ፣ መጠለያው ሥር ንጣፍ አንጥፎ ትኩስ ኩስ መሰብሰብ ለተከታታይ ክትትል የሚበቃ መረጃ ይሰጣል።

ደረጃ 1፦ ፈቃድና ቡድን

1. ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም፣ ቦታው በክልል ሥር ከሆነ፣ ከሚመለከተው የክልል ቢሮ የጽሑፍ ፈቃድ አውጡ። ናሙናው ወይም ከእርሱ የወጣው አርኤንኤ (የቫይረሱን የዘር መረጃ የያዘው ሞለኪውል) ከአገር የሚወጣ ከሆነ ከኢትዮጵያ ብዝሐ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር የሚደረገውን ስምምነት ከመስክ ሥራው በፊት ጨርሱ። ናሙናው ፍሪዘር ውስጥ ከገባ በኋላ የሚጀመር የፈቃድ ጥያቄ ናሙናውን እዚያው ያስረጀዋል።

2. ናሙናውን የሚቀበለው ላቦራቶሪ መቀበያ ቀን፣ የፍሪዘር ቦታና ተጠሪ ሰው በስም እስኪያሳውቃችሁ ድረስ ጉዞ አትጀምሩ።

3. የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የቦታውን ጠባቂዎች አስቀድማችሁ አነጋግሩ። በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ ለምሳሌ የሌሊት ወፎች መኖሪያ ብቻ ሳይሆን ሙስሊም ምእመናን የሚሰበሰቡበት ቅዱስ ስፍራ ነው፤ ነጭ ቱታ ለብሶ፣ ጭምብል አጥልቆ ያለ ማስታወቂያ የሚገባ ቡድን ፍርሃትና ወሬ ይዘራል። የምትሠሩትን በቀላል ቋንቋ ንገሩ፣ የምትለብሱትንም አሳዩዋቸው።

4. ከሦስት ሰው ባነሰ ቡድን ዋሻ አትግቡ። ሁለቱ ሲገቡ ሦስተኛው ውጭ ሆኖ ሰዓት ይይዛል፣ ብልቃጦቹን ይቀበላል፣ ያልተነካካ ንጹሕ እጅ ሆኖም ይቆያል።

ደረጃ 2፦ መንጋውን ማወቅና ወቅት መምረጥ

አንድ ጊዜ ሄዶ መቶ ብልቃጥ ሞልቶ መመለስ ክትትል አይደለም። የሌሊት ወፎች ቫይረሱን በኩሳቸው የሚያስወጡት ዓመቱን ሙሉ በእኩል መጠን ሳይሆን በማዕበል መልክ ነው። በበርካታ አገሮች የተደረጉ ክትትሎች እንዳሳዩት መጠኑ ጎልቶ የሚወጣው ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ በተለይም ግልገሎቹ ከእናታቸው ያገኙት የመከላከል አቅም ሲቀንስና ጡት ሲጥሉ ነው። ስለዚህ አሥር ቦታ አንዳንድ ጊዜ ከመሄድ ይልቅ ሁለት ቦታ ደጋግሞ መሄድ ይሻላል፤ በጀት ሲያንስ የምቆርጠው የቦታውን ብዛት እንጂ የምልልሱን ብዛት አይደለም።

1. ከናሙናው ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ምሽት ከዋሻው አፍ ፈንጠር ብላችሁ ተቀምጣችሁ ሲወጡ ቁጠሩ፤ መውጣት የጀመሩበትንና ያበቁበትን ሰዓትም መዝግቡ። የንጣፉ ሥራ የሚታቀደው በዚህ ሰዓት ላይ ተመሥርቶ ነው።

2. ዝርያውን በፎቶግራፍና በባለሙያ እርዳታ ለዩ። በአንድ ዋሻ ውስጥ ፍራፍሬ በሎችና ነፍሳት በሎች ጎን ለጎን ሊሰፍሩ ይችላሉ። የየትኛው መንጋ ኩስ እንደተነሣ ካልታወቀ ውጤቱ ግማሽ ዋጋውን ያጣል።

3. እናቶች ገና የተወለዱ ግልገሎችን አቅፈው ባሉባቸው ሳምንታት አትግቡ፤ የደነገጠ መንጋ ግልገሎቹን ይጥላል። ግልገሎቹ መብረር እስኪጀምሩ ጠብቁ።

4. በክረምት ወንዝ የሚያልፍባቸውን ዋሻዎች ከዕቅድ አውጡ። ሶፍ ዑመርን የወይብ ወንዝ ሰንጥቆት ያልፋል፤ ከላይ የጣለ ዝናብ ዋሻው ውስጥ ላለ ሰው አስቀድሞ አይታይም።

የናሙና ብዛትን በግምት አትወስኑ። ከመንጋው 10 በመቶው ቫይረሱን የሚያስወጣ ከሆነ ቢያንስ አንዱን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማግኘት 29 ናሙና ይበቃል፤ 5 በመቶ ከሆነ 59፣ 1 በመቶ ከሆነ ደግሞ 299 ያስፈልጋል። ይህ ስሌት እያንዳንዱ ናሙና ከተለያየ እንስሳ እንደመጣ ያስባል፤ ከንጣፍ ላይ ሲሰበሰብ ግን ይህ ሁልጊዜ እውነት ስለማይሆን ቁጥሩን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በ20 አገሮች የተካሄደና ከ12,000 በላይ የሌሊት ወፎችን የመረመረ ጥናት እንኳ ቫይረሱን ያገኘው ከአሥሩ ከአንዱ ባነሱት ላይ ስለነበር፣ ከ20 ብልቃጥ ባዶ ውጤት መምጣቱ ሊያስገርም አይገባም።

ደረጃ 3፦ ዕቃና ፈሳሽ

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ የሚያከሽፈው ፈሳሹን በስህተት መምረጥ ነው። በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ።

ጉዋኒዲን የተባለ ኬሚካል ያለበት ማፍረሻ ፈሳሽ የቫይረሱን ሽፋን አፍርሶ አርኤንኤውን ያቆያል፤ በዚህም የናሙናውን አደገኛነት በእጅጉ ይቀንሳል። የአርኤንኤ ማቆያ ፈሳሽ ደግሞ አርኤንኤውን ከመበላሸት ይጠብቃል እንጂ ቫይረሱን ይገድላል ተብሎ አይታመንም። ሦስተኛው፣ የቫይረስ ማጓጓዣ ፈሳሽ የሚባለው፣ ቫይረሱን በሕይወት የሚያቆይ ነው። ለክትትል የሚያስፈልገው የዘር መረጃው ብቻ ስለሆነ ሕያው ቫይረስ ይዞ መኪና ውስጥ መጓዝ ትርፉ አደጋ ነው፤ ሦስተኛውን ተዉትና የመጀመሪያውን ምረጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉዋኒዲን ያለበት ፈሳሽና በረኪና ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ። እንዲህ ያለ ብልቃጥ ከፈሰሰ በወረቀት አንሡ፣ በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ። በረኪናውን ለቦቲና ለንጣፍ ብቻ ተጠቀሙበት።

ከዚህ ሌላ የምትይዙት፦ በ1 ሜትር በ1 ሜትር የተቆረጡ ንጹሕ የፕላስቲክ ንጣፎች፣ ክዳናቸው የሚጠመዘዝ 2 ሚሊ ሊትር ብልቃጦች፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሏቸው ወረንጦዎች፣ ስዋብ (ጫፉ ጥጥ መሰል የናሙና መጥረጊያ ዘንግ)፣ ኤን-95 ወይም ከእርሱ የተሻለ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ሙሉ ቱታ፣ ሁለት ድርብ ጓንት፣ የፕላስቲክ ቦቲ፣ የራስ ቁር፣ የግንባር ባትሪ ከትርፍ ባትሪ ጋር፣ ኮልድ ቦክስ፣ ቴርሞሜትር፣ ውኃና ሳሙና።

ደረጃ 4፦ መለያና ቀን፤ ከቤት ሳትወጡ

ብልቃጦቹን ቢሮ ውስጥ ቁጥር ስጧቸው፣ ፈሳሹን ቀድታችሁ ዝጉ። ዋሻ ውስጥ በድርብ ጓንት የሚጻፍ ቁጥር አይነበብም፣ አልኮል ሲነካውም ይጠፋል፤ ስለዚህ ቅዝቃዜ የሚቋቋም ተለጣፊ ተጠቀሙ፣ ቁጥሩንም በክዳኑም በጎኑም ጻፉ።

እኛ አገር ለብቻው ሊጠቀስ የሚገባ ወጥመድ አለ። አንዱ ባልደረባ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር፤ አንዱ ሰዓቱን «ከሌሊቱ 11» ብሎ፣ ሌላው «5» ብሎ ይመዘግባል፤ ከስድስት ወር በኋላ ሁለቱን የሚያስታርቅ አይገኝም። ለመዝገቡ አንድ አቆጣጠር ብቻ ምረጡ፣ ዓመት-ወር-ቀን በሚል ቅደም ተከተል ጻፉ፣ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አስፍሩ፣ ሕጉንም በቅጹ ራስጌ ላይ አትሙት። ቅጹ የቦታ ስም፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ የንጣፍ ቁጥር፣ የብልቃጥ ቁጥር፣ የተገመተ ዝርያ፣ ንጣፉ የተነጠፈበትና ኩሱ የተነሣበት ሰዓት፣ የሰብሳቢው ምልክትና የሙቀት መጠን ይይዛል።

በየጉዞው ፈሳሹ እንጂ ኩስ የማይገባባቸው ቢያንስ ሁለት «ባዶ» ብልቃጦች ያዙ። ዋሻው ውስጥ ከፍታችሁ፣ ንጹሕ ስዋብ ነክራችሁ፣ ዘግታችሁ ከሌሎቹ ጋር ላኳቸው። ቫይረስ በእነርሱ ላይ ከተገኘ ብክለት አለ ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ አለባበስ

ለብሳችሁ የምትጨርሱት ከዋሻው አፍ ራቅ ብላችሁ ነው። ቅደም ተከተሉ፦ የመጀመሪያው ጓንት፣ ቱታ፣ ቦቲ፣ ማስክ፣ መነጽር፣ የራስ ቁር፣ ሁለተኛው ጓንት ከቱታው እጅጌ በላይ። ማስኩን ካጠለቃችሁ በኋላ በሁለት እጅ ሸፍናችሁ አየር አስወጡ፤ ነፋስ በጠርዙ ከወጣ አስተካክሉ። ጺም ያለው ሰው ኤን-95 አይገጥምለትም፤ ይላጭ ወይም ውጭ ያለውን ሥራ ይያዝ።

ጥንቃቄው ለኮሮና ቫይረስ ብቻ አይደለም። የደረቀ ኩስ አቧራ የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ሂስቶፕላዝማ የተባለ ፈንገስ ሊይዝ ይችላል፤ የግብፅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ደግሞ ከባድ የደም መፍሰስ ትኩሳት የሚያመጣው የማርበርግ ቫይረስ ተሸካሚ ነው። በኡጋንዳው ፓይተን ዋሻ የገቡ ቱሪስቶች እ.ኤ.አ. በ2008 በማርበርግ ታመው አንዷ ሕይወቷን አጥታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃም በሽታው በጂንካ ተረጋግጧል። ፍራፍሬ በሎች ያሉበት ዋሻ ከሆነ በቆይታችሁ መጠን ላይ ጨከን በሉ።

የሚያስለው፣ የሚያተኩሰው ወይም በቅርቡ ኮቪድ ከያዘው ሰው ጋር የነበረ ባልደረባ አይግባ። ሰው ለሌሊት ወፍ ቫይረስ ማስተላለፍ መቻሉ በዓለም አቀፉ የጥበቃ ኅብረት ባለሙያዎች ዘንድ አሳሳቢ ተደርጎ ተይዟል፤ የሰው ቫይረስ ዋሻ ውስጥ ማስገባት ከናሙናው በላይ ክትትሉን በሙሉ ያበላሻል።

ደረጃ 6፦ ማንጠፍ

1. መንጋው ወጥቶ ዋሻው ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ግቡ። ለማንጠፍ ከ30 ደቂቃ በላይ አትቆዩ።

2. ትልቅ አንድ ንጣፍ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ንጣፎችን በመጠለያው ሥር አራርቃችሁ አንጥፉ። አንድ ሰፊ ንጣፍ ላይ የወደቁ አሥር የኩስ ፍሬዎች የአንድ እንስሳ ሊሆኑ ይችላሉ።

3. ጠርዙን በንጹሕ ድንጋይ ያዙ፣ የንጣፍ ቁጥሩን ከጎኑ አኑሩ።

ችግር ሲገጥም፦ ራስ ማዞር፣ ዓይን ማቃጠል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከተሰማችሁ የአሞኒያ ክምችት ወይም የኦክስጅን ማነስ ሊሆን ስለሚችል ዕቃውን ጥላችሁ ወዲያው ውጡ፤ ለመልቀም አትመለሱ። መንጋው ሳይወጣ ከቀረ ወይም ግማሹ ከቀረ ጉዞውን ወደ ማግሥቱ ማታ አዛውሩ።

ደረጃ 7፦ ማንሣት

ንጋት ላይ መንጋው ከተመለሰ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ፣ በላያችሁ ያለውን መንጋ ሳታነቁ፣ በደብዛዛ ቀይ መብራት ግቡ። ለማንሣት የሚሄደው ሰዓት ከማንጠፉም ያጠረ ይሁን።

1. ከእያንዳንዱ ንጣፍ እርጥበት ያለው፣ የሚያብረቀርቅ አንድ የኩስ ፍሬ በወረንጦ አንሡ። የፍራፍሬ በል ኩስ ፈሳሽ ስለሆነ በስዋብ ጠርጋችሁ ጫፉን ብልቃጥ ውስጥ ስበሩት።

2. በማፍረሻ ወይም በማቆያ ፈሳሽ ውስጥ የሚገባው ኩስ ከፈሳሹ አምስተኛ አይብለጥ። ብዙ ናሙና ብዙ ቫይረስ ይሰጣል የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሲበዛ ፈሳሹ ውስጡ አይደርስም፣ ላቦራቶሪም ላይ ኩሱ ራሱ ምርመራውን ያፍናል።

3. ለእያንዳንዱ ናሙና አዲስ ወረንጦ ተጠቀሙ፣ የውጭውን ጓንት በየንጣፉ በአልኮል ጥረጉ።

4. ብልቃጡን ዝጉና አሥር ጊዜ ገልብጡ፤ ውጩን በአልኮል ጠርጋችሁ ለውጭው ሰው አቀብሉ።

ችግር ሲገጥም፦ ንጣፎቹ ባዶ ከሆኑ ቦታቸውን መንጋው ወደተጠጋጋበት አቅጣጫ አሻሽሉ እንጂ ከወለሉ አሮጌ ኩስ አታንሡ። ንጣፉ በዝናብ ወይም በፍሳሽ ከራሰ በሙሉ ጣሉት። የሞተ ወይም መሬት ላይ ያለ የሌሊት ወፍ ካገኛችሁ በእጃችሁ አትንኩት፤ ቦታውን መዝግቡና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። በአንድ ጊዜ ብዙ የሞቱ ከታዩ ሥራውን አቋርጡና በዚያው ቀን ሪፖርት አድርጉ።

ደረጃ 8፦ የቅዝቃዜ ሰንሰለት

አርኤንኤ ከዲኤንኤ ይልቅ በፍጥነት ይበላሻል። ኮልድ ቦክሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየቱን በየሁለት ሰዓቱ አንብባችሁ ጻፉ፤ ሳጥኑን ከመኪናው ጣራ ላይ አታስቀምጡ። የማቆያ ፈሳሽ ያለበት ናሙና በ25 ዲግሪ እስከ አንድ ሳምንት፣ በ4 ዲግሪ እስከ አንድ ወር ይቆያል፤ ወደ ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ግን ፈሳሹ እንዲሠርጽ አንድ ሌሊት በ4 ዲግሪ ይደር። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ሁሉ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይግባ።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም ደረቅ በረዶ የምትይዙ ከሆነ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከሰው ጋር አታጓጉዙት፤ ኦክስጅኑን አስወግዶ ሊያፍን ይችላል። ደረቅ በረዶን ጥብቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ መዝጋትም ያፈነዳዋል። ማሸጊያው ሦስት ድርብ ነው፦ ብልቃጡ፣ ከመምጠጫ ጋር የማያፈስ ሁለተኛ መያዣ፣ ከዚያ ጠንካራ የውጭ ሳጥን። በአየር የሚላክ ከሆነ ዩኤን 3373 የሚለው የባዮሎጂካዊ ናሙና ምልክት ይለጠፍበታል።

ችግር ሲገጥም፦ መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽና ሳጥኑ ቢሞቅ ናሙናውን አትጣሉ፤ ስንት ዲግሪ ለስንት ሰዓት እንደደረሰ ጻፉና ላኩ። ያልተጻፈ ሙቀት ነው ናሙናን የሚያረክሰው።

ደረጃ 9፦ ማውለቅና ማጽዳት

ሰዎች የሚጋለጡት ብዙውን ጊዜ ሲያወልቁ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ያወልቅ፣ ሌላው ቆሞ ቅደም ተከተሉን ያንብብለት።

1. የውጭውን ጓንትና ቦቲ በሳሙና አጽዱ፣ ከዚያ ቦቲውን 0.5 በመቶ ክሎሪን ባለው በረኪና ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩ። የሱቁ በረኪና 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅሉ፤ ቅልቅሉን በየቀኑ አዲስ አድርጉ። ኩስ ያልታጠበበት ዕቃ ላይ በረኪና ኃይል የለውም።
2. የውጭውን ጓንት፣ ከዚያ ቱታውን ወደ ውስጥ እየጠቀለላችሁ አውልቁ።
3. መነጽሩን ከኋላ በኩል አንሡ፤ ማስኩ በመጨረሻ ይወልቃል።
4. የውስጡን ጓንት ጣሉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ቦቲውንና ገመዱን ሳታጸዱ ወደ ሌላ ዋሻ አትሂዱ። ያገለገለውን ጓንትና ቱታ ዋሻው አጠገብ አታቃጥሉ፣ አትቅበሩም፤ በተዘጋ ቀይ ከረጢት ወደ ጤና ተቋም ማቃጠያ ውሰዱ።

ንክሻ ወይም ጭረት ከደረሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ እጠቡ፣ ፀረ ጀርም መድኃኒት አድርጉበት፣ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ሕክምና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ጭረቱ ትንሽ ነው ብላችሁ አታሳልፉት። ከዋሻው ከወጣችሁ በኋላ ለ21 ቀን ጠዋትና ማታ ሙቀታችሁን ለኩ፤ ትኩሳት ከመጣ ራሳችሁን ለይታችሁ ዋሻ ገብታችሁ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩ። ሐኪሙ ወባ ብሎ ሊጀምር ስለሚችል ይህንን ሳይጠየቁ መናገር ግድ ነው።

ደረጃ 10፦ በላቦራቶሪ ውስጥ

ብልቃጡ የሚከፈተው በባዮሴፍቲ ካቢኔት (አየር በሚያጣራ የተከለለ የሥራ ሳጥን) ውስጥ ብቻ ነው። አርኤንኤው ሲወጣ ከናሙናዎቹ ጋር ባዶ መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ናሙና የሌለበት ፈሳሽ፣ አብሮ ይውጣ። ምርመራው የሚታወቁትንም የማይታወቁትንም የኮሮና ቫይረሶች የሚያገኝ፣ ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛበትንና ብዙም የማይለዋወጠውን የፖሊሜሬዝ ዘረ መል የሚፈልግ ፒሲአር (የዘር መረጃን አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) ይሁን፤ ለኮቪድ ብቻ የተሠራ ኪት የሌሊት ወፍ ቫይረሶችን አብዛኞቹን አያይም። አዎንታዊ መቆጣጠሪያው (ምርመራው መሥራቱን ለማየት ሆን ተብሎ የሚገባው) በተፈጥሮ የሌለ ምልክት የገባበት ሰው ሠራሽ ቅንጣት ቢሆን ይመረጣል፤ ብክለት ቢከሰት ከእውነተኛው ውጤት ወዲያው ይለያል።

ከዚያው ናሙና የእንስሳውን የማይቶኮንድሪያ ዘረ መልም መርምሩ። ይህ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ዝርያውን ያረጋግጣል፣ ናሙናው ጨርሶ አለመበላሸቱንም ይጠቁማል።

ሁሉም አሉታዊ ሲሆን፦ መጀመሪያ የእንስሳው ዘረ መል መገኘቱን እዩ። እርሱም ካልተገኘ ጥፋቱ ከመስክ ወይም ከአርኤንኤ ማውጣቱ ነው። ከተገኘ አርኤንኤውን በአሥር እጅ አቅጥናችሁ ድገሙ፤ በኩስ ውስጥ ያሉ ነገሮች ፒሲአሩን አፍነውት ከነበረ ሲቀጥን ይፈታል። ከዚህ በኋላ ብቻ «አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉ።

ሁሉም አዎንታዊ ሲሆን፦ አትደሰቱ፤ ባዶ ብልቃጦቹን እዩ። የተገኘው ቫይረስ የዘር ቅደም ተከተል ከሰው ጉንፋን ኮሮና ቫይረስ ወይም ከኮቪድ ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰብሳቢው ነው። ነገር ግን በጋና ቅጠል መሰል አፍንጫ ካላቸው የሌሊት ወፎች 229ኢ ከተባለው የሰው ቫይረስ ጋር የተዛመዱ፣ በኬንያም ኤንኤል63 ከተባለው ሌላ የሰው ቫይረስ ጋር የተዛመዱ ቫይረሶች ስለተገኙ፣ መዛመድን ብቻ አይቶ ብክለት ነው ማለትም ስህተት ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግራችሁ የተሟላ ቅደም ተከተል ነው።

ደረጃ 11፦ ውጤትን መናገር

አዎንታዊ ውጤት የሚለው በዚያ መንጋ ውስጥ በዚያ ወቅት ኮሮና ቫይረስ ነበረ ብቻ ነው። ሰውን ሊይዝ ይችላል የሚለውን ከአጭር ቅደም ተከተል ማንበብ አይቻልም፤ ሪፖርታችሁ ላይም «አደገኛ ዋሻ» የሚል ቃል አታስገቡ። ውጤቱን በመጀመሪያ ለእንስሳት ጤናና ለኅብረተሰብ ጤና ተቋማት በአንድ ላይ አሳውቁ፤ ከዚያ ፈቃድ የሰጧችሁን ሽማግሌዎች ሄዳችሁ በአካል ንገሯቸው፤ ለመገናኛ ብዙኃን የሚሰጠው መግለጫ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«እናጭሳቸው ወይስ እንዝጋው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱን አዘጋጅታችሁ ሂዱ። በኡጋንዳ ኪታካ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ከማርበርግ ወረርሽኝ በኋላ የነበረው መንጋ እንዲጠፋ ተደረገ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሰው በሰፈሩት ጥቂት የሌሊት ወፎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲመረመር በቫይረሱ የተያዙት ድርሻ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ለነዋሪው የምትነግሩት ተግባራዊ ነገር ይሁን፦ ዋሻ ውስጥ ከብት አታሳድሩ፣ ኩሱን ለማዳበሪያ የምታወጡ ከሆነ አርጥቡት፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ፣ የሌሊት ወፍ የነከሰውን ፍራፍሬ አትብሉ፣ ልጆችም የወደቀ የሌሊት ወፍ እንዳያነሡ ንገሯቸው። የሚቀጥለውን ጉዞ ቀንም እዚያው ቁረጡ፣ ለጠባቂውም በጽሑፍ ስጡት።